የመርከብ ሥዕልና የመርከብ ታሪክ፤ ከአትላንቲክ እስከ ባሮ

ነቀምቴ ተቀምጦ ስለ ውቅያኖስ መርከብ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ወለጋ ባሕር የለውም። ነገር ግን በገበያ ቀን እህሉን በአህያ ጭኖ ወደ ወፍጮ ባቡር የሚሄደው ሰው ሁሉ፣ ሳያስበው የመርከብን ነገር በአፉ ይዞ ይዞራል። «ባቡር» የምንለው ቃል በጣልያንኛና በፈረንሳይኛ እንፋሎት ማለት ከሆነው ቃል የመጣ ነውና። ከዚህም በላይ የወለጋ ቡና ወደ ዓለም ገበያ ከወጣባቸው በሮች አንዱ የእንፋሎት መርከብ የሚቆምበት የወንዝ ወደብ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን ለማሳየት እንሞክራለን። መጀመሪያ በእንግሊዟ ንግሥት በቪክቶሪያ ዘመን፣ ማለት ከ1837 እስከ 1901 ድረስ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ መንገደኛ ያመላልሱ የነበሩት መርከቦች ሥዕል እንዴት እንደሚነበብ እናያለን። ቀጥሎም ያንኑ ትምህርት ወደ አገራችን አምጥተን፣ ሥዕል ስላልተሣለላቸው ስለ ባሮ ወንዝ መርከቦች እንመረምራለን። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችን ታላላቅ ቀኖች ሲመጡ የኢትዮጵያውን አቆጣጠር ጨምረናል።

1ኛ፤ የመርከብ ሥዕል ምን ዓይነት ሥዕል ነው?

በአትላንቲክ ላይ በእንፋሎት ኀይል የሚደረገው የመንገደኞች ጉዞ በደንብ የተጀመረው በ1838 ነው። በዚያ ዓመት «ግሬት ዌስተርን» የተባለችው መርከብ ከእንግሊዝ ተነሥታ በ15 ቀን ኒው ዮርክ ገባች። በሸራ ብቻ የሚሄዱት መርከቦች ያን መንገድ ለመጨረስ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር በላይ ይፈጅባቸው ነበር። በ1840 ደግሞ ሳሙኤል ኩናርድ የተባለው ነጋዴ «ብሪታንያ» በተባለችው መርከብ ቀን የተቆረጠለት የፖስታና የመንገደኛ አገልግሎት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎቹ ይፎካከሩ ጀመር፤ መርከቦቹም እየረዘሙና እየፈጠኑ ሄዱ።

ሥዕሎቹም አብረው በዙ። የኩባንያ ባለቤቶች፣ የመርከብ አዛዦችና የመርከብ ሠሪዎች የመርከባቸውን መልክ በሸራ ላይ አሥለው በቢሮአቸውና በቤታቸው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉ ነበር። በሊቨርፑል ሳሙኤል ዋልተርስ የተባለው ሠዓሊ እስከ ሞተበት እስከ 1882 ድረስ በዚህ ሥራ የታወቀ ነበር። በኒው ዮርክ በኩል ደግሞ በ1850 ኮፐንሃገን የተወለደው አንቶንዮ ጃኮብሰን ነበረ። ይህ ሰው አሜሪካ እንደ ገባ በብረት ካዝናዎች ላይ ጌጥ እየሣለ ይኖር ነበር፤ በኋላ ግን ወደ መርከብ ሥዕል ተመልሶ በሺህ የሚቆጠሩ መርከቦችን ሣለ። በ1921 ሞተ።

እነዚህ ሥዕሎች ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ሥርዓት አላቸው። መርከቢቱ በጎኗ ትታያለች፤ ከፊቷ ጫፍ እስከ ኋላዋ ሁሉ ነገሯ ይቆጠራል። ባንዲራዎቿ ነፋስ እንደ ነፋባቸው ተዘርግተዋል፤ ጭሷ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከበስተኋላ አንድ የመብራት ግንብ ወይም ትንሽ ጀልባ ይታያል። ገንዘቡን የሚከፍለው ባለቤቱ ስለ ሆነ ሠዓሊው መርከቢቱን የሚሥላት ለሠርግ እንደ ተዘጋጀች ሙሽራ ነው። ዝገት የለባትም፤ የተቀደደ ሸራ አይታይባትም።

ይህን የመሰለ ሥዕል በመጽሐፍም ሆነ በሙዚየም ስናይ ስድስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ። የማን ናት? በምን ኀይል ትሄዳለች? የት ላይ ናት? በሆዷ ውስጥ ያሉት እነማን ናቸው? ከዚህ በፊትና ከዚህ በኋላ ምን ሠራች? መጨረሻዋስ ምን ሆነ? የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች ሥዕሉ ራሱ ይመልሳል። ባለቤቷ በባንዲራዋና በጭስ ማውጫዋ ቀለም ይታወቃል። ኀይሏም በጎኗ ትልቅ መንኮራኩር ካለ በእርሱ፣ ከሌለም በስተኋላ ውሃ ውስጥ በሚሽከረከር መዘውር መሄዷ ይገመታል። ቦታዋም በመብራት ግንቡ ይለያል። የኋለኞቹን ሦስት ጥያቄዎች ግን ሥዕሉ አይመልስም፤ የመርከቢቱን ታሪክ ከመዝገብ መፈለግ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ያህል «ግሬት ኢስተርን»ን እንውሰድ። በ1858 ወደ ውሃ የገባችው ይህች መርከብ 211 ሜትር ርዝመት ነበራት፤ አራት ሺህ መንገደኛ እንድትይዝ ታስባ በኢንጅነር ብሩኔል ተሠራች። ሮበርት ደድሌ የተባለው ሠዓሊ በ1865 እና በ1866 በአትላንቲክ ባሕር ሥር የቴሌግራፍ ሽቦ ስትዘረጋ ሣላት፤ በሥዕሉ ታላቅና ባለግርማ ናት። ታሪኳ ግን ሌላ ነገር ይጨምራል። በ1860 በመጀመሪያ የአትላንቲክ ጉዞዋ ገንዘብ ከፍሎ የተሳፈረባት ሰው አርባ አይሞላም ነበር። በ1886 የአንድ ሊቨርፑል ሱቅ ማስታወቂያ ተጽፎባት ለማሳያ ቆመች፤ በ1889 መፍረስ ጀመረች። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከብዙ ዓመት ውስጥ አንዲት ሰዓት ነው።

2ኛ፤ «አቢሲንያ» የተባለችው መርከብ

ከእነዚህ መርከቦች መካከል ስሟ እኛን የሚነካ አንዲት አለች። ይህችም «አቢሲንያ» ናት። የኩናርድ ኩባንያ መርከቦቹን «ፐርሺያ»፣ «ስኮሺያ»፣ «ሩሺያ» እያለ በአገር ስም መጥራት ልማዱ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ የሞቱት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም በእነርሱ አቆጣጠር 1868 ነው። በዚያ ዘመቻ ጊዜ ከሁለት መቶ በላይ መርከቦች ወደ ዙላ ወደብ መጥተው ነበር፤ መንገደኛ ያመላልሱ ከነበሩትም አንዳንዶቹ ወታደርና በሽተኛ መጫኛ ሆነው ነበር። የሎንዶን ሥዕላዊ ጋዜጣም ዊልያም ሲምፕሰን የተባለውን ሠዓሊ ወደ አገራችን ልኮ ዘመቻውን አሥሏል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1870፣ በስኮትላንድ በክላይድ ወንዝ ላይ የጄ. ኤንድ ጂ. ቶምሰን ኩባንያ የሠራት «አቢሲንያ» ወደ ውሃ ገባች።

መርከቢቱ የብረት ናት፤ ርዝመቷ 110 ሜትር ያህል፣ ወርዷ 13 ሜትር ያህል ነበር። አንድ ጭስ ማውጫ፣ ሦስት ምሰሶ፣ በስተኋላም አንድ መዘውር ነበራት። ሸራም ትይዝ ነበር፤ በዚያ ዘመን ሰው መኪናውን ሙሉ በሙሉ ገና አላመነውም ነበርና። 200 የአንደኛ ማዕረግ፣ 1,050 ደግሞ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኞች ትይዛለች። በግንቦት 1870 ከሊቨርፑል ወደ ኒው ዮርክ የመጀመሪያ ጉዞዋን አደረገች።

ይሁን እንጂ ገና አዲስ ሳለች ዘመን ቀደማት። መኪናዋ እንፋሎቱን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያሠራ ስለ ሆነ ብዙ ከሰል ይበላ ነበር። በዚያው ጊዜ እየተስፋፋ የመጣው አዲሱ መኪና ግን አንድ ጊዜ የሠራውን እንፋሎት ሳይጥል ወደ ሁለተኛና ሰፋ ወዳለ ሲሊንደር አስገብቶ እንደገና ያሠራዋል። ጠላ ጠማቂ ሴት ቅራሪውን ሳትጥል በድፍድፉ ላይ ውሃ ጨምራ እንደገና እንደምታወጣው መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት በ1880 ኩናርድ «አቢሲንያ»ን አስወጣት፤ ጊዮን የተባለው ኩባንያም ወሰዳት። በ1882 መኪናዋ በአዲሱ ዓይነት ተለወጠ።

እዚህ ላይ የሥዕል አነባበብ ጥቅሙ ይታያል። የኩናርድ መርከቦች ጭስ ማውጫ ቀይ ሆኖ ጫፉ ጥቁር ነው፤ የጊዮን ግን ጥቁር ሆኖ ቀይ መቀነት አለበት። እንግዲህ «አቢሲንያ»ን በቀይ ጭስ ማውጫ ያሳየ ሥዕል ሲገኝ ስለ 1870ዎቹ ዓመታት ይናገራል፤ ባለ ቀይ መቀነቱ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ያመለክታል። ሥዕሉ ዓመት ባይጻፍበትም ቀለሙ ዓመት ይሆነዋል።

ከዚያም መርከቢቱ ፈጽሞ ያልታሰበላትን ሥራ ሠራች። በ1887 የካናዳ የባቡር ሐዲድ እስከ ቫንኩቨር ከተማ ሲደርስ፣ የሐዲዱ ኩባንያ «አቢሲንያ»ን፣ «ፓርቲያ»ንና «ባታቪያ»ን ተከራይቶ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ አሰማራቸው። «አቢሲንያ» ከሆንግ ኮንግና ከዮኮሃማ ሻይ፣ ሐር፣ ፖስታና መንገደኛ ይዛ በሰኔ 1887 ቫንኩቨር ገባች፤ በዚያ መሥመር የመጀመሪያዋ እርስዋ ሆነች። በ1891 ለዚያ ሥራ ተብለው የተሠሩ አዳዲስ መርከቦች ሲመጡ ወደ አትላንቲክ ተመለሰች። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 13 ቀን ጥጥ ጭና ከኒው ዮርክ ተነሣች፤ በታኅሣሥ 18 ቀን በውቅያኖሱ መካከል ሳለች እሳት ተነሣባት። «ሽፕሬ» የምትባል የጀርመን መርከብ ደርሳ መንገደኞቹንና መርከበኞቹን ሁሉ ወሰደቻቸው፤ አንድም ሰው አልሞተም። «አቢሲንያ» ግን ተቃጥላ ሰጠመች። ዕድሜዋ 21 ዓመት ነበር።

ከእርስዋ ጋር በዚያው ዓመት የተሠራችው «ፓርቲያ» ግን ስሟ «ቪክቶሪያ» ተብሎ በአላስካ በኩል ስትሠራ ኖረች፤ የፈረሰችውም በ1956 ጃፓን አገር ነው። ሁለቱን መርከቦች በ1870 ጎን ለጎን ቢሥሏቸው የትኛይቱ 21 ዓመት፣ የትኛይቱ 86 ዓመት እንደምትኖር ከሥዕሉ ሊያውቅ የሚችል አይኖርም ነበር።

3ኛ፤ በሥዕሉ ውስጥ የማይታዩት

አራተኛው ጥያቄ በሆዷ ውስጥ እነማን አሉ የሚለው ነው። በሥዕሉ ላይ ባርኔጣ ያደረጉ ጥቂት ሰዎች በላይኛው ወለል ሲንሸራሸሩ እናይ ይሆናል። ነገር ግን የ«አቢሲንያ»ን ቁጥር እንመልከት። ለአንድ የአንደኛ ማዕረግ መንገደኛ ከአምስት በላይ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኞች ቦታ ነበር። እነዚህ ከአየርላንድ፣ ከስካንዲናቪያ፣ ከጀርመንና ከሌላውም አገር ችግር ያስነሣቸው ስደተኞች ናቸው። ኩባንያዎቹንም ያኖራቸው በአብዛኛው የእነርሱ ገንዘብ ነበር። ከእነርሱም በታች፣ ከእሳቱ አጠገብ፣ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ከሰል በአካፋ የሚጨምሩ ሰዎች ነበሩ። በሥዕሉ ላይ ወደ ኋላ የሚሄደው ያ ያማረ ጭስ የእነርሱ ላብ ነው። ሠዓሊው ጭሱን ሣለ፤ እነርሱን አልሣለም።

ይህን ነጥብ አጥብቀን የምንይዘው ወደ አገራችን ስንመለስ ስለሚያስፈልገን ነው።

4ኛ፤ የባሮ መርከቦች

አሁን እነዚያን ስድስት ጥያቄዎች ይዘን ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንምጣ። በባሮ ላይ ወደ እኛ አገር ከመጡት የእንፋሎት ጀልባዎች መካከል «ፌደርብ» የተባለችው የፈረንሳዮች ጀልባ ትገኛለች። የማርሻን ጓድ ይህችን ጀልባ ፈታትቶ ከኮንጎ በኩል በሰው ትከሻ አሻግሮ ናይል ላይ አዋላት። ማርሻን በታኅሣሥ 1898 ፋሾዳን ለቆ ሲወጣ በሶባትና በባሮ ሽቅብ መጣ። ጀልባይቱ ከዚያ በላይ መሄድ ስላልቻለች በባሮ ዳር ትቷት፣ በጎሬና በአዲስ አበባ አድርጎ በግንቦት 1899 ጅቡቲ ገባ።

ቀጥሎ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1902) ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ወሰን ውል ተዋዋሉ። በውሉ አራተኛ ክፍል፣ በባሮ ዳር በኢታንግ አጠገብ ርዝመቱ በወንዙ በኩል ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቀደ። ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው፤ መሬቱም ለፖለቲካ ወይም ለጦር ሥራ እንዳይውል ተከልክሏል። በኋላ ቦታው ጋምቤላ ሆነ፤ ወደቡና ጉምሩኩም በ1907 ቆመ።

የማን ናቸው? የሱዳን መንግሥት መርከቦች ናቸው። በምን ይሄዳሉ? በእንጨት እሳት በሚፈላ እንፋሎት ነው፤ መንኮራኩሩም በስተኋላ ነው። ሆዳቸው ጠፍጣፋ ነው፤ የወንዙ ውሃ ጥልቅ አይደለምና። ጭነቱን የሚይዙት በጎናቸው የሚታሰሩ መኪና የሌላቸው ትላልቅ ታንኳዎች ነበሩ። የት ይሄዳሉ? በባሮ፣ በሶባትና በነጭ ናይል አድርገው ካርቱም ይደርሳሉ። መንገዱ 1,366 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁልቁል 7 ቀን፣ ሽቅብ 11 ቀን ይፈጅ ነበር። ንግዱ በደመቀ ጊዜ በወር ሁለት ጊዜ ይመላለሱ ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ በክረምት ብቻ ነው። በጋ ሲገባ ውሃው ይወርዳል፤ የዘገየችም መርከብ እስከሚመጣው ክረምት ልትታሰር ትችል ነበር። ስለዚህ በደምቢ ዶሎና በጊዳሚ የነጋዴው ሒሳብ ሁሉ ከዝናቡ ጋር የተያያዘ ነበር፤ ለእርሻ ብቻ ሳይሆን ለመርከብም ሰማይ ይታይ ነበር ማለት ነው።

ምን ጫኑ? ቡና፣ ሰምና ቆዳ ወረደ፤ ጨውና አቡጀዲ ወጣ። ካርቱም የደረሰው ቡና በሐዲድ ወደ ቀይ ባሕር ሲወርድ፣ ከዚያ ወዲያ የሚጭነው የ«አቢሲንያ» ዘመዶች የሆኑት የባሕር መርከቦች ናቸው። ሰውም አመጡ፤ ሐሳብም አመጡ። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ በ1919 ከሱዳን በባሮ በኩል ገብቶ በያኔው ሳዮ፣ በዛሬው ደምቢ ዶሎ፣ የሕክምና ሥራ ጀመረ። በ1941 ደግሞ ከቤልጂግ ኮንጎ የመጡ ወታደሮች በናይል በኩል ደርሰው ጋምቤላን ያዙ፤ የኢጣልያው ጄኔራል ጋዜራም ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. (በአውሮፓ ሐምሌ 3 ቀን 1941) በሳዮ እጁን ሰጠ። የንግድ መንገድ የነበረው የጦር መንገድ ሆነ ማለት ነው፤ እንደ ዙላ መርከቦች ሁሉ እነዚህም ያልታሰበላቸውን ሠሩ።

መጨረሻቸውስ? ሱዳን በ1956 ነጻ ስትወጣ የውሉ ዘመን አበቃ፤ ጋምቤላም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች። የመኪና መንገድ ቡናውን ወደ አዲስ አበባ ይስበው ጀመር፤ የመርከቡ አገልግሎት በደርግ ዘመን ቀረ፤ የሱዳንም የእርስ በርስ ጦርነት የቀረውን ጉዞ አቆመው።

አሁን አራተኛውን ጥያቄ እንጠይቅ። በሥዕሉ የማይታዩት እነማን ናቸው? የአትላንቲክ መርከብ ከሰል ጨማሪ እንደ ነበራት የባሮም መርከብ ተሸካሚ ነበራት። ከደጋው እስከ ጋምቤላ ድረስ ያለው ቁልቁለት በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ትከሻ የሚወረድ ነው። ቆላው ወባ ነው፤ ክረምቱ ጭቃ ነው፤ መርከብ የሚመጣው ደግሞ በክረምት ነው። ስለዚህ ተሸካሚው መንገዱን የሚሄደው በከፋው ወራት ነበር። የወለጋ ቡና በካርቱም ገበያ ስም ያገኘው በእነዚህ ሰዎች እግር ነው። የጉምሩክ መዝገብ ቡናውን በክብደቱ ጻፈው፤ ተሸካሚውን ግን በስሙ አልጻፈውም።

5ኛ፤ እንግዲህ ምን እናድርግ?

በቅርብ ዘመን የኢትዮጵያ መርከብ ድርጅት ካስመጣቸው የባሕር መርከቦች አንዲቱ «ጋምቤላ» ተብላ ተሰይማለች። ስሙ መልካም ነው። ነገር ግን ስም ብቻውን ታሪክ አይሆንም፤ «አቢሲንያ»ም ስማችንን ይዛ ሁለት ውቅያኖስ ስትዞር ስለ እኛ የተናገረችው ነገር አልነበረም። ስሙን የሚሞላው የሰዎቹ ታሪክ ነው።

የእንግሊዝ መርከቦች ሠዓሊም መዝገብም ነበራቸው። የእኛዎቹ ዋናው መዝገባቸው ሰው ነው፤ ያም ሰው እያረጀ ነው። በ1956 የሃያ ዓመት ጎልማሳ የነበረው ዛሬ ወደ ዘጠና ዓመት ተጠግቷል። የመርከቡን ፊሽካ በጆሮው የሰማ፣ ጭነት በትከሻው ይዞ የወረደ፣ በጋምቤላ ጨው የገዛ አባት ወይም እናት ዛሬ ካልተጠየቀ ነገ አይጠየቅም።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። በሚመጣው የክረምት ዕረፍት ወደ ደምቢ ዶሎ፣ ወደ ጊዳሚ፣ ወደ ጊምቢና ወደ ነቀምቴ ቤታችን ስንመለስ፣ እያንዳንዳችን ቢያንስ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት በእነዚያ ስድስት ጥያቄዎች እንጠይቅ። በኦሮምኛ የተነገረንን በኦሮምኛ፣ በአማርኛ የተነገረንን በአማርኛ እንደ ወረደ እንጻፈው፤ አናሳምረው። በቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ፎቶግራፍ፣ የሚዛን ወረቀት፣ የነጋዴ ደብዳቤ ቢገኝ ባለቤቱን አስፈቅደን ግልባጩን እናንሣ። የተናጋሪውን ፈቃድ እየጠየቅን፣ የነገረንን ሰው ዕድሜና ቀበሌ፣ የጠየቅንበትንም ቀን ከግርጌው እንጻፍ፤ ያለዚያ ወረቀቱ ቀለሙ እንደ ጠፋበት ጭስ ማውጫ ዘመኑ የማይታወቅ ይሆናል። አንዱን ቅጂ ለዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ነቀምቴ ላለው የወለጋ ሙዚየም እንስጥ።

ከመካከላችን እጁ ሥዕል የሚያውቅ ካለም የሰማውን ይሣል። ሲሥል ግን መርከቢቱን ብቻ አይሣል። ከወንዙ ዳር ጭነቱን አውርዶ ላቡን የሚጠርገውን ሰው ከፊት ያድርገው፤ ጭሱ ከኋላ ይምጣ።